እንጆሪ ከተቀጠፈች በኋላ



በዛሬው በዓል ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ ተነግሯል። እኔ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ ስላለችው እንጆሪ ጥቂት ልበል። እህል ጎተራ አለው፤ እንጆሪ ግን የላትም። ዛሬ ተቀጥፋ በማግሥቱ ስትሻግት የከረመ የውኃና የአረም ድካም አብሮ ይጣላል። ከጓሮ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ በብዙ ቤት ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛበት ነው።

ቲማቲም ሳይበስል ቢለቀምም ቤት ውስጥ ይቀላል። እንጆሪ ከተቀጠፈች ወዲያ ጣፋጭነት አትጨምርም፤ በስላ ነው የምትቀጠፈው። ጤዛው ሲደርቅ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ፍሬዋን ሳይጫኑ ጭራዋን በጥፍር ቆርጦ ከነአረንጓዴ ቆቧ ማንሳት ነው። ቆቧ ከተነቀለ ቁስል ይከፈትና ሻጋታ ይገባል።

ብዙ እናቶች የሚከራከሩኝ በማጠብ ነው። «አፈር ይዛ እንዴት አስቀምጣታለሁ?» ይሉኛል። የምትታጠበው ልትበላ ስትል ብቻ ነው፤ ሻጋታ የሚወደው እርጥበትን ነዋ! ባልዲ ውስጥም አትከምሯት፤ ሰፌድ ላይ ሳትደራርቡ ዘርጉና የተጎዳችውን ልቀሙ።

ፍሪጅ ያለው ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ያቆያታል። ያልቀላ ቲማቲም ግን አብሮ አይግባ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ብርድ ይመታዋል።

ፍሪጅ የሌለውስ? በሰሜን ናይጄሪያ መሐመድ ባህ አባ የተባሉ መምህር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስገብተው መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞሉት። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። የውጪው ማሰሮ አይሟሽ፤ ከተሟሸ ውኃ አያሳልፍም። ነፋስ ባለበት ጥላ ይቀመጥ፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ይርጠብ፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። የፍሪጅን ያህል እንደማያቀዘቅዝ ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ደግሞም በበጋ እንጂ አየሩ በሚርስበት ክረምት ብዙ አይረዳም።

የለሰለሰችውን በዕለቱ በስኳር ማርማላታ አድርጓት። የሻገተችውን ግን ከፊሏን ቆርጣችሁ አትብሉ፤ በለስላሳ ፍሬ ውስጥ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ይሄዳል።

ሁለቱን ማሰሮዎች ከአዳራሹ በር አጠገብ ጥላ ሥር አስቀምጫለሁ። ስትወጡ እጃችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት።