መሠረትን ከጎን የሚደግፈው አፈር
በአርባ ምንጭ ለሰበካ ጉባኤና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር



የአባያና የጫሞ ሐይቆች የተኙበት ስምጥ ሸለቆ ዛሬም ያላረፈ ምድር ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተደጋገመውም ብዙ ሺህ ወገኖቻችንን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ስለዚህ በሲቀላ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስናንጽ፣ መሠረቱ ከላይ የሚሸከመውን ክብደት ብቻ ሳይሆን ከጎን የሚመጣበትንም ግፊት ማሰብ ይገባናል።

አፈሩ ለስላሳ በሆነበት ቦታ መሐንዲሶች ፓይል የተባለውን ረጅም የአርማታ ምሰሶ ወደ ጠንካራው ንብርብር ያወርዳሉ። ክብደቱን ጥልቁ ይሸከመዋል፤ ምድር ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ ግን ፓይሉን ከጎን የሚደግፈው በይበልጥ የላይኛው አፈር ነው። ሸክላማ አፈር ደጋግሞ ሲገፋ ከፓይሉ ይለያል፤ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድጋፉም ይቀንሳል። ውኃ ያዘለ ልል አሸዋ ደግሞ ሲናጥ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው የውኃ ግፊት ስለሚያይል እንደ ፈሳሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓን በኒጋታ ከተማ፣ በብረት ፓይሎች ላይ የቆመው አዲሱ የሾዋ ድልድይ ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ተጠጋግተው የተተከሉ ፓይሎችም አንዱ የሌላውን አፈር ስለሚሻሙ፣ ዐሥሩ የአንዱን ዐሥር እጥፍ አቅም አይሰጡም።

ለሁሉም ሕንፃ ፓይል ያስፈልጋል ማለታችን አይደለም። በሴቻ ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ለሚታነጽ ቀላል ሕንፃ የተለመደው መሠረት ሊበቃ ይችላል። ይህን የሚለየው ግን ግምት ሳይሆን የአፈር ምርመራ ነው። በጀት ሲያጥር ምርመራውን መተው ቁጠባ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ምእመናን ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡትን ገንዘብ በማይታወቅ አፈር ላይ ማፍሰስ ነው።

እንግዲህ ውል ከመፈረማችን በፊት መሐንዲሱን እንጠይቅ፦ ውኃው በስንት ሜትር ጥልቀት ይገኛል? ልል አሸዋ አለ ወይ? ፓይሉ ለጎን ግፊት ተሰልቷል ወይ? ሥራው ሲጀመርም ከመሠረቱ ጋር በሚገናኝበት አናቱ ላይ ፌሮውና ስታፋው እንዳይቀነስ እንጠብቅ፤ መታጠፉ የሚበረታው በዚያ ነውና። በዙሪያው የተቆፈረውም አፈር በሚገባ ተጠቅጥቆ ይመለስ፤ የጣራው ውኃም ወደ መሠረቱ አይውረድ።

በትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተው የሚቆሙት ሕፃናትና አረጋውያን ከመሬት በታች ያለውን ሥራ አያዩም። እኛን አምነው ይገባሉ፤ አደራውም የእኛ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።