የእናት መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እናት በሞት ስትለየን ጸሎተ ፍትሐት እናደርሳለን፤ ተዝካር እናወጣለን፤ ነዳያንን እናበላለን። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ሥርዐት ነው። ነገር ግን እናታችን በሕይወት ሳለች የወደደችውንና የደከመችበትን ነገር ከሞቷ በኋላ የምንጠብቅ ስንቶቻችን ነን? ይህን እንድንመረምር ፍጥረትን በመውደድ የታወቁ የአንዲት እናትና አያት ሕይወት ዛሬ እናስባለን።

እኒህ እናት በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኒዬሪ አውራጃ፣ በ1932 ዓ.ም. የተወለዱት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። በልጅነታቸው ከቤታቸው አጠገብ ሙጉሞ የሚባል፣ በእኛ አገር ከዋርካና ከሾላ ወገን የሆነ ታላቅ ዛፍ ነበረ፤ በአጠገቡም ምንጭ ይፈልቅ ነበር። ማገዶ ሊለቅሙ ሲወጡ እናታቸው፣ ይህ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና ከእርሱ እንዳይነኩ ያስጠነቅቋቸው ነበር። ልጅቱ አድገው፣ በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ግን ዛፉ ለሻይ ተክል ተብሎ ተቈርጦ፣ ምንጩም ደርቆ አገኙት። የዛፉ ሥር ዐለቱን ሰንጥቆ እስከ ጥልቁ ውሃ ይወርድ፣ ውሃውም ሥሩን ተከትሎ ይወጣ እንደ ነበረ ተረዱ። የእናታቸው ቃል ውሃ ይጠብቅ ኖሯል።

ግንቦት 28 ቀን 1969 ዓ.ም. በናይሮቢ 7 ዛፎች ተከሉ፤ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የሚባለውም ሥራ ከዚህ ተጀመረ። የገጠር እናቶችን ችግኝ ማፍላት አስተማሩ። ለእነዚያም እናቶች ጥቂት ገንዘብ የሚሰጣቸው ስለ ተተከለው ሁሉ ሳይሆን፣ ስለ ጸደቀው ችግኝ ብቻ ነበረ። በዚህ መንገድ ከ30 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ ተተከለ። በ1982 ዓ.ም. በናይሮቢ መናፈሻ ውስጥ ሊሠራ የታሰበውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ በመቃወማቸው ብዙዎች ተዘባበቱባቸው፤ በ1991 ዓ.ም. ስለ ካሩራ ደን ሲሟገቱ ራሳቸውን ተመትተው ደማቸው ፈሰሰ። በ1997 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከአፍሪካ ሴቶች መጀመሪያ ተቀበሉ።

መስከረም 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሦስት ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ ትተው ዐረፉ። ስለ እርሳቸው ዛፍ እንዳይቈረጥ አስቀድመው አሳስበው ነበርና፣ ሣጥናቸው ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ጣናን ካስጨነቀው ከእምቦጭ ተሠራ። ልጃቸው ዋንጂራም የእናታቸውን ሥራ ያዙ።

ምእመናን ሆይ፤ በቋንቋችን ችግኝ ሥር ሲሰድድ ጸደቀ እንላለን፤ ስለ ሰውም ይህንኑ ቃል እንናገራለን። ተክሎ መሄድ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን በበጋው ውሃ መሸከም፣ ከከብት መጠበቅ፣ መታገሥ ነው። እናትነትም እንዲሁ ነው። ልጅ በመወለዱ ብቻ ሰው አይሆንም። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ያነሣው፣ ያንን እምነት ያጸደቁት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው።

እኛ ዛፍን አናመልክም፤ የዛፍን ፈጣሪ እናመልካለን እንጂ። ሆኖም እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ አዘዘው። በጎጃምና በጎንደር ደጋ ጥድና ወይራ ከእርሻው መካከል ተርፈው የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። እነዚያን ዛፎች ያቈዩልን ስማቸው ያልተጻፈ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ የታቦቱ ደን ነው እያሉ ልጆቻቸውን የከለከሉ።

እንግዲህ የእናታችንን ተዝካር ስናወጣ፣ ለድግሱ ማገዶ ብለን እርሷ የተከለችውን ዛፍ አንቍረጥ። ይልቁንም አንድ ወይራ ወይም ዝግባ በስሟ እንትከል፤ እስኪጸድቅም ድረስ ውሃ እናጠጣው፤ ለልጆቻችንም፣ ይህ የአያታችሁ ነው ብለን እናሳያቸው። የደረቀ ችግኝ የረሳናት ምስክር ይሆንብናል፤ የጸደቀው ግን እኛም ካለፍን በኋላ መታሰቢያዋ ይሆናል።

የእናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም በቤቱ ተክሎ ያጽድቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።