ከ125 ወደ 13፦ የሞሮኮው ፓርቲ ለምን ወደቀ?

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። አልሐምዱሊላህ፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናገረው ስለ አማና ነው። ምሳሌዬን የማመጣው ግን ከጥንት ታሪክ ሳይሆን ከእኛው ዘመን ነው።

ሞሮኮ ውስጥ «ፍትህና ልማት» የሚባል፣ ከደዕዋ ሰዎች መካከል የወጣ ፓርቲ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ለውጥ ጠየቀ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ፓርቲው 107 መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ ሆነ። በ2016 ደግሞ 125 አገኘ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2021 ግን 13 ብቻ ቀረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዶክተር ሰዕደዲን አል-ዑስማኒ ራሳቸው ራባት ላይ ተወዳድረው ተሸነፉ።

ምን ነካው? የፓርቲው ሰዎች ገንዘብ ተረጭቷል ብለዋል፤ የምርጫ ሕጉ ተቀይሮብናልም ብለዋል። ሕጉ በእርግጥ ተቀይሯል። ቀድሞ መቀመጫ የሚከፋፈለው በመረጠው ሰው ቁጥር ነበር፤ አሁን በተመዘገበው ሰው ቁጥር ሆነ። በዚህ ስሌት ትልቅ ፓርቲ በአንድ የምርጫ ወረዳ ከአንድ መቀመጫ በላይ ማግኘት ይከብደዋል። ግን ልብ በሉ፤ ወረዳዎቹ 92 ናቸው። ሕጉ ሁለተኛውን መቀመጫ ሊያስቀር ይችላል፤ የመጀመሪያውን ግን አይቀማም። የመጀመሪያውን የነሣው ሕዝቡ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከድሉ ማግስት ነው። የ2016ቱን ምርጫ ያሸነፉት ዐብዱልኢላህ ቢንኪራን ለወራት ጥምር መንግሥት መመሥረት አቃታቸው። ንጉሡ እሳቸውን አንሥተው ዑስማኒን ሾሙ። ዑስማኒም ቢንኪራን አላስገባም ያሉትን ፓርቲ አስገብተው መንግሥት መሠረቱ። ወንበሩ ተረፈ። ነገር ግን መራጩ «ድምፄን ሰጥቼ የቆምኩለት ነገር የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው ያኔ ነው።

በ2019 የሳይንስ ትምህርቶች በፈረንሳይኛ እንዲሰጡ በር የከፈተው ሕግ ፓርላማ ቀረበ። ፓርቲው ለዐረብኛ እቆማለሁ ሲል የኖረ ነው። በቋንቋው አንቀጾች ላይ ድምፅ ሲሰጥ ግን በኮሚቴው የነበሩት አብዛኞቹ አባላቱ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ ሕጉም አለፈ። እኔ የመድረሳ መምህር ነኝ። ተማሪዬ መልሱን እያወቀ ዝም ሲል የሚሰማኝን አውቃለሁ። የሞሮኮ ወላጅም ያ ስሜት የተሰማው ይመስለኛል።

ከዚያ የፍልስጤም ጉዳይ መጣ። ኦገስት 2020 ላይ ዑስማኒ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት መመሥረትን እንደማይቀበሉ በአደባባይ ተናገሩ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 22፣ የግንኙነቱን ሰነድ ራባት ላይ ፈረሙ። ፓርቲው የወጣበት የደዕዋ ማኅበር እንኳ ተቃወመ። የውጭ ጉዳይ በዚያ አገር የንጉሡ ውሳኔ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዕሩ የተያዘው ግን በፓርቲው መሪ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም «ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እኮ ሁደይቢያ ላይ ሶሐቦች ያልወደዱትን ውል ፈርመዋል» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ መሪ አንዳንዴ የሚመርን ውል ይቀበላል። ግን እንዴት እንደሆነ እናስታውስ። ዑመር (ረ.ዐ) ፊት ለፊት ጠየቁ፤ ነቢዩም መለሱላቸው። ሶሐቦች አዝነው በተቀመጡ ጊዜ ነቢዩ የኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ምክር ሰምተው መሥዋዕታቸውን ራሳቸው ቀድመው አረዱ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ጥያቄ ከሰሙና ምክር ከተቀበሉ፣ ወሕይ የማይወርድለት መሪ ከዚህ በላይ ሊያስረዳና ሊሰማ አይገባውምን?

ስለዚህ ለእኔ ፓርቲውን የጣለው ተቃዋሚው ብቻ አይደለም። ያልቻለውን «አልቻልኩም» ብሎ ወደ ላከው ሕዝብ መመለስ ሲገባው፣ ቃሉን ትቶ ወንበሩን መያዙ ነው። አማና ማለት ሥልጣን አይደለም፤ ሰው አምኖ ያስቀመጠብህ ዕቃ ነው። መጠበቅ ካቃተህ ለባለቤቱ ትመልሳለህ እንጂ ለሌላ አሳልፈህ አትሰጥም።

ይህን የነገርኳችሁ በሞሮኮዎች ለመፍረድ አይደለም። እኛም በ2004 ዓ.ም. «የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይሁን» ብለን ስንጮህ ወኪል የመምረጥ መብታችንን ነበር የጠየቅነው። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ወንድሞች ታስረዋል፤ ደምም ፈሷል። እንግዲህ በስማችን የሚናገር ሁሉ ወደዚህ ምንጣፍ ተመልሶ ምን እንደተስማማ፣ ምን እንደተከለከለ፣ ምን እንዳቃተው ሊነግረን ይገባል። «ጉዳዩ ስሱ ነው፤ ተዉት» መልስ አይሆንም።

የእኛም ድርሻ አለ። የሞሮኮ መራጭ ቅሬታውን በምርጫ ካርድ ለመናገር አምስት ዓመት ጠብቋል። እኛ ግን ወኪሎቻችንን በየጁሙዓው እናገኛቸዋለን። በአደብ እንጠይቃቸው። ሲያጠፉ ጓሮ ለጓሮ አንማቸው፤ ሲያለሙም ዱዓ አንንፈጋቸው። ዝም ብለን ቆይተን አንድ ቀን ጥለናቸው ብንሄድ፣ የጠፋው አማና የእነሱ ብቻ አይሆንም።

አላህ አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።