እንጉዳዩና ቁጥቋጦው



ረጅም ዕድሜ የጽናት ማስረጃ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሕያዋን ነገሮች መልስ ይሰጣሉ። አንደኛው በሞተ እንጨት ላይ የሚበቅል፣ መንገደኛ ቁም ነገር ብሎ የማያየው እንጉዳይ ነው። ሁለተኛው በአውስትራልያዋ ደሴት በታዝማኒያ ብቻ የሚገኝ፣ ቀይ አበባ የሚያብብ ቁጥቋጦ ነው።

እንጉዳዩ በሳይንሳዊ ስሙ ስኪዞፊለም ኮሙኔ ይባላል። ማራገቢያ የመሰለ ሲሆን ስፋቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል። ድርቅ ሲሆን ከሥሩ ያሉትን ሽንሽኖች ጠቅልሎ ይዘጋል፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ዘርግቶ የዘር ብናኙን ይበትናል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አረባቡ ነው። በአብዛኞቹ እንስሳት የሚጣመሩት ወገኖች ወንድና ሴት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ በዚህ እንጉዳይ ከ20,000 በላይ ናቸው። ስለሆነም ከሩቅ የመጣ ብናኝ ከሚያጋጥመው ባዕድ ሁሉ ጋር ለማለት በሚቻል ደረጃ ሊጣመር ይችላል፤ ከየጥምረቱም አዲስ የባሕርይ ቅንብር ይወለዳል።

ቁጥቋጦው ሎማሺያ ታዝማኒካ ነው። ዴኒ ኪንግ የተባሉ የታዝማኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1934 አገኙት፤ የዕፅዋት ሊቋ ዊኒፍሬድ ከርቲስ በ1967 ሳይንሳዊ ስም ሰጡት። የክሮሞሶሙ ስብስብ እንደ ወትሮው ሁለት እጥፍ በመሆን ፈንታ ሦስት እጥፍ በመሆኑ፣ ያብባል እንጂ አያፈራም። የሚባዛው ከሥሩ በማቆጥቆጥና ወድቆ ሥር በሚሰድ ቅርንጫፍ ነው። በዱር የቀሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ግንዶች ሁሉ የአንድ ተክል ቅጂዎች መሆናቸው በምርመራ ታውቋል። በአካባቢው የተገኘ፣ ከዛሬው ቅጠሉ ጋር የሚመሳሰል ቅሪተ አካል ቢያንስ 43,600 ዓመት አስቆጥሯል።

ይህን ያህል ዘመን የኖረ ተክል የማይበገር ይመስላል። ሆኖም ግንዶቹ በባሕርይ አንድ ስለሆኑ፣ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለው ሥር አበስባሽ ተዋሲና የሰደድ እሳት የሚያሰጉትም ለዚሁ ነው። በሆባርት የሚገኘው የዕፅዋት መናፈሻ ቅርንጫፎቹን እየቆረጠ ያባዛዋል፤ ይህ ጥረት ቁጥሩን ቢጨምርም ልዩነትን አይፈጥርለትም።

የምህንድስና ሙያ ይህን ነገር ከራሱ ሥራ ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ጉድለት ያላቸው መቶ ምሰሶዎች ለሕንፃ ዋስትና አይሆኑም፤ አንዱን የሰበረ ጫና ሌሎቹንም ይሰብራልና። እንጉዳዩ መጠባበቂያውን በራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ቁጥቋጦው ግን መጠባበቂያ የለውም፤ ያለው ጠባቂ ሰው ብቻ ነው።