ከጠጠሩ ሥር፦ አስፋልት ለባቡር ሐዲድ መሠረት



አስፋልት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበን የመኪና መንገድ ነው። የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው ግን ተሳፋሪ በማያየው አስፋልት ላይ ነው፤ ከሐዲዱና ከጠጠሩ ሥር፣ ከአፈሩ በላይ በሚነጠፈው።

በተለመደው አሠራር የባቡሩ ጭነት በጠጠሩ በኩል ወደ አፈሩ ይተላለፋል። አፈሩ ሸክላማ ከሆነና ውኃ ከጠገበ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ጭቃው ወደ ጠጠሩ ክፍተቶች ይገፋል። ጭቃ የሞላው ጠጠር ውኃ አያሳልፍም፤ ሐዲዱም ይዛነፋል። ጠጠር መጨመር ለጊዜው ያቃናዋል እንጂ መንሥኤውን አያስወግድም።

በአሜሪካ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ፣ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ምርምር በታከለበት ሥራ፣ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አስፋልት ከጠጠሩ ሥር ሲነጠፍ ቆይቷል። ኢጣሊያም በፈጣን ባቡር መሥመሮቿ የ12 ሴንቲ ሜትር ንጣፍን መደበኛ አድርጋለች። ንጣፉ ጭነቱን በሰፊው ያከፋፍላል፤ ጭቃው እንዳይወጣ ያግዳል፤ ከሁሉም በላይ ከላይ የሚወርደውን ውኃ ወደ ጎን ይመልሳል።

ልብ በሉ፤ ይህ የመንገድ አስፋልት ቅጂ አይደለም። የመንገድ መሐንዲስ ሬንጅ ሲበዛ ጎማ የሚያሰምጠውን ቦይ ይፈራል። እዚህ ግን ጎማ የለም፤ ጭነቱም በጠጠሩ ተበትኖ ይደርሳል። ስለዚህ ሬንጁ ለመንገድ ከሚመረጠው በግማሽ በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ የአየር ክፍተቱም ከ1 እስከ 3 በመቶ ይወሰናል። ውጤቱ ውኃ የማያሳልፍና የሚተጣጠፍ ንጣፍ ነው። ጠጠሩም ከፀሐይና ከሙቀት መለዋወጥ ስለሚከልለው ሬንጁ ቶሎ አይደርቅም።

ይሁን እንጂ አስፋልት የውኃ መውረጃን አይተካም። በክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጠቀውን የአገራችንን ጥቁር ዋልካ አፈር ውሰዱ። ንጣፉ ከላይ የሚመጣውን ውኃ ይከለክላል፤ ከጎን የሚሰርገውን ግን በብቻው አይገታም። ቦዩ ካልተቆፈረ፣ አፈሩም አስቀድሞ ካልተለወጠ ወይም በኖራ ካልታከመ፣ እብጠቱ ንጣፉን ራሱን ያነሣዋል።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። መሥመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ንጣፉን ማስገባት ሐዲዱን ማንሣትና ጉዞ ማቋረጥ ይጠይቃል። በነባር መሥመሮች ላይ ሥራው በተለይ በመንገድ ማቋረጫዎች፣ በሐዲድ መጋጠሚያዎችና በድልድይ መዳረሻዎች ላይ የሚያተኩረውም ችግሩ በእነዚህ ቦታዎች ስለሚደጋገም ነው። በአዲስ መሥመር ግን ውሳኔው በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።

እንግዲህ ነገ ንድፍ የምትሠሩ ተማሪዎች የንጣፉን ዋጋ ከጠጠር ዋጋ ጋር ብቻ አታነጻጽሩ፤ መሥመሩ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ከሚጠይቀው ጥገና ጋር አነጻጽሩ። ከዚያ በፊት ግን አፈሩን መርምሩ፤ ውኃው በየት እንደሚመጣም ጠይቁ።