ግድግዳው ለምን ያብጣል?

እሷ፦ ክረምቱ ወጣ ሲባል የቀለም ቀቢዎች ገበያ ይደራል። ግድግዳው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያብጣል፤ ሲነኩት ይረግፋል፤ ነጭ ዱቄትም ያወጣል።

እሱ፦ ዱቄቱ ጨው ነው። ብሎኬት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው የመሬቱን ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ውሃው ሲተን ይዞት የመጣው ጨው ልስኑ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያው እየረጋ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል።

እሷ፦ ሰው ታዲያ በዘይት ቀለም ድፍን ያደርገዋላ!

እሱ፦ ኧረ ያ ነው የሚያባብሰው! ውሃው መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ይሄድና ከቀለሙ በላይ ብቅ ይላል።

እሷ፦ ድንጋይስ? ላሊበላ እኮ አለት ነው።

እሱ፦ አለቱም ውሃ ይጠጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያ የተሠራው ዝናቡን ለመከላከል ነበር። የመጠለያው ክብደት ደግሞ ሌላ ስጋት አመጣ፤ እሱ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይፈልጋል።

እሷ፦ ለቤት ባለቤቶቹስ ምን እንበል?

እሱ፦ መጀመሪያ አሸንዳውን አስጠግኑ፤ የዝናቡ ውሃ ከመሠረቱ የሚርቅበትን ቦይ አስቆፍሩ። ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ ግን ቀለም አትግዙ።