አንድ ጨዋታ ብቻ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ሬድሩዝ የምትባል የጥንት ማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ አለች። የራግቢ ክለቧ እ.ኤ.አ. በ1875 ተመሠረተ። ከጎረቤቷ ካምቦርን ጋር በፈረንጆች ገና ማግስት መፋለም የቆየ ልማዷ ነው።

የሬድሩዙ ልጅ በርት ሰለሞን ግን ይገርመኛል። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ የኮርንዎል ቡድን ብሪታንያን ወክሎ በአውስትራሊያ 32 ለ 3 ሲረታ እሱም ነበረበት። የብር ሜዳሊያ አገኙ፤ የተጋጠሙት ቡድኖች ሁለት ብቻ ነበሩና! በ1910 ለእንግሊዝ ተሰልፎ በትዊክንሃም ሜዳ ዌልስ ላይ አስቆጠረ፤ እንግሊዝም 11 ለ 6 አሸነፈች። ከዚያ ወዲያ ቢጠሩት፣ ቢለምኑት እምቢ አለ። ለእንግሊዝ የተጫወተው ያን ቀን ብቻ ነው።